ዓሣው ሲመሽ ለምን ይረክሳል?

(በባሕር ዳር፣ በጣና ዳር በሚገኝ አንድ አዳራሽ፣ ጌም ቤት ላላቸው፣ ጌም ለሚሠሩና ንግድ ለሚማሩ ወጣቶች ካቀረብኩት ንግግር የተጻፈ። «በእኛ አቆጣጠር» ካላልኩ በስተቀር ዓመተ ምሕረቶቹ የፈረንጅ ናቸው።)

እንደምን አመሻችሁ።

ወደ አዳራሹ የመጣሁት በሐይቁ ዳር ነው። አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል፤ በጠዋት በታንኳ የገባው ዓሣ አልቆ አንዲት ሴት ብቻ ሰባት ቀረሶ በላስቲክ ላይ ደርድራ ቀርታለች። ዋጋውን ጠየቅኋት፤ ጠዋት ከምትሸጥበት ግማሹን ነገረችኝ። «ለምን ይህን ያህል ረከሰ?» ስላት «ካደረ ማን ይገዛኛል?» አለችኝ። ጥሩ መልስ ነው። ያስከተለችው ግን ይበልጥ ጥሩ ነበር፦ «ክፋቱ ደንበኞቼ ለምደውብኛል። ሲመሽ እንደማረክስ ስላወቁ ጠዋት የሚገዛኝ እያነሰ ነው።»

ዓሣውን አልገዛሁም፤ ዓሣ አንጠልጥሎ መድረክ ላይ አይወጣም። ነገሯን ግን ይዤው መጣሁ፤ ዛሬ የማወራው በሙሉ በእነዚህ ሁለት መልሶቿ መካከል ያለ ነውና። የጌም ኮንሶል፣ ማለትም ጌም በቴሌቪዥን የሚያጫውተው ዕቃ፣ አምራቹ መቼ ዋጋ ይቀንስ? ዕቃው ሳያድርበት። ገዢው ደግሞ ምሽቱን መጠበቅ ሳይለምድበት። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ ከባድ ስለሆነ ነው ታሪኩ በሬሳ የተሞላው።

እኔ ይህን ጉዳይ ከመጽሐፍ በፊት የተማርኩት በዕዳ ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ በእኛ አቆጣጠር፣ እዚሁ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ውስጥ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራይቼ ጌም ቤት ከፍቼ ነበር። ሁለት ኮንሶል፣ ሁለት ቴሌቪዥን፣ አንድ ረጅም አግዳሚ። ሕጉን ታውቁታላችሁ፦ አሸናፊ ይቀመጣል፣ ተሸናፊ ይከፍላል፣ ሌላው ተራ ይጠብቃል። አንድ ጨዋታ አንድ ብር ነበር። ኮንሶሎቹን የወሰድኳቸው ዕቃ በሻንጣ ከዱባይ ከሚያመጣ ነጋዴ በዱቤ ነው። የዱቤውን ግማሽ ሳልከፍል የዚያው ዕቃ ዋጋ ውጭ አገር ወረደ። ከእኔ ሦስት በር አልፎ ሌላ ጌም ቤት ተከፈተ። ልጁ እኔ ከገዛሁበት በብዙ ባነሰ ገንዘብ ነበር ያመጣው፤ ስለዚህ ጨዋታውን በሃምሳ ሳንቲም አደረገው። ደንበኞቼም ሦስት በር መራመድ አልከበዳቸውም። እኔ ለዓመታት አምራቹን ስረግም ኖሬያለሁ፤ ዛሬ ግን እዚህ የቆምኩት አምራቹ ልክ ነበር ለማለት ነው። ይህን ለማለት ሃያ ዓመት ፈጅቶብኛል።

ለምን ልክ እንደሆነ ለመረዳት መጀመሪያ ኮንሶል እንደ ስኳር ወይም እንደ ሲሚንቶ የሚሸጥ ዕቃ አለመሆኑን መያዝ ይገባል። ሰፈራችሁ ያለውን ሱቅ አስቡት። ጥግ ላይ የቆመውን፣ የለስላሳ ስም የተጻፈበትን ማቀዝቀዣ ብዙውን ጊዜ ባለሱቁ አልገዛውም፤ ፋብሪካው ነው ያስቀመጠለት። ፋብሪካው ማቀዝቀዣ የመቸር ፍቅር ይዞት አይደለም። በየቀኑ ከውስጡ የሚወጣውን ጠርሙስ ቆጥሮ ነው። ኮንሶል ማለት ቤታችሁ ሳሎን ውስጥ የቆመ ማቀዝቀዣ ነው። አምራቹ በዕቃው ላይ ትንሽ ያተርፋል፣ አንዳንዴ ምንም አያተርፍም፣ አንዳንዴም ይከስራል። ገንዘቡ ያለው በጌሙ ውስጥ ነው። ሌላ ድርጅት የሠራው ጌም በተሸጠ ቁጥር የኮንሶሉ ባለቤት ድርሻውን ይወስዳል፤ ዛሬ በኢንተርኔት መደብሮቹ የተለመደው ድርሻ 30 በመቶ ገደማ ነው።

ስለዚህ ዋጋ ሲቀነስ የሚጠየቀው «በአንዱ ዕቃ ስንት እናጣለን?» ብቻ አይደለም። «በዚህ ዋጋ ቤቱ የምናስገባው ሰው ከዚያ በኋላ ስንት ጌም ይገዛናል?» የሚለው ይበልጣል። በዚህ ሚዛን እኛ የባሕር ዳር ጌም ቤቶች ምን እንደነበርን ልንገራችሁ፦ በዓለም ላይ ካሉ ደንበኞች ሁሉ የከፋነው። አንድ ኮንሶል ለአንድ ሰፈር ልጅ በሙሉ፤ ጌሙ ደግሞ በአሥር ብር የተገዛ የተቀዳ ሲዲ። ፋብሪካው ያቆመውን ማቀዝቀዣ የቤት ጠላ አቀዝቅዘንበታል ማለት ነው። (ሳቃችሁን ሰምቻለሁ፤ ዛሬም የምታደርጉት አላችሁ።)

አሁን ወደ ወጪው። በ2006 መጨረሻ ሶኒ ሦስተኛውን ፕሌይስቴሽን ሲያወጣ ባለ 60 ጊጋባይቱን በ599 ዶላር ሸጠው። ሰዎች በዋጋው ተሳለቁ። ዕቃውን ፈታትቶ ክፍሎቹን የገመተው አይሰፕላይ የተባለ የጥናት ድርጅት ግን የማምረቻ ወጪውን 840 ዶላር ገደማ አደረሰው። ገዢው ውድ ነው ብሎ የተወውን ዕቃ ሻጩ በኪሳራ እየሸጠው ነበር። እንዲህ ያለ ዕቃ ላይ ወዲያው ዋጋ መቁረጥ ራስን በራስ ማረድ ነው፤ ብዙ በሸጥክ ቁጥር ብዙ ትከስራለህ። ሶኒ ያደረገው ምንድን ነው? ከዕቃው ላይ ነገር ቀነሰ፤ የድሮውን ጌም የማጫወት ችሎታ ሳይቀር አወጣና በ2007 መጸው በ399 ዶላር የሚሸጥ ሌላ ሞዴል አመጣ። ቺፖቹም በየጊዜው እያነሱ መጡ። ቺፕ ሲያንስ ከሚቆረጥበት ከአንዱ የሲሊኮን ሰሌዳ ብዙ ይወጣል፣ የሚበላው ኤሌክትሪክ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ማቀዝቀዣውና የኃይል ሳጥኑም ያንሳሉ፣ ካርቶኑ ሳይቀር ያንስና በመርከብ ላይ ብዙ ይጫናል። በ2009 ቀጭኑ ሞዴል በ299 ዶላር ሲመጣ ዋጋው ከመነሻው ግማሽ ሆኖ ነበር። ያ ኮንሶል በመጨረሻ ከ87 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። በ2006 ላይ ሆኖ ይህን የሚገምት ብዙ ሰው አልነበረም።

ከዚህ የምወስደው የመጀመሪያው ፍርድ ይህ ነው፦ ዋጋ ከወጪ ኋላ እንጂ ከወጪ ፊት አይሂድ። ወጪ ወረደ ተብሎ ግን ዋጋ በዚያው ቀን አይወርድም፤ የዚያን ያህል ቸር ነጋዴ የለም። ለመቁረጥ ሁለተኛ ምክንያት ያስፈልጋል፤ እሱም ገዢው ነው።

ገዢዎችን ደረጃ ላይ እንደቆሙ ሰዎች ቁጠሯቸው። ላይኛው ደረጃ ላይ በመጀመሪያው ቀን የሚሰለፈው አለ፤ ይህ ሰው ዋጋ አይጠይቅም፣ «መጣ ወይ?» ነው የሚለው። ከእሱ በታች ጥሩ ጌም እስኪወጣ የሚጠብቅ፣ ከዚያ በታች ለልጆቹ የሚገዛ አባት፣ መጨረሻ ላይ ሁለተኛ ቴሌቪዥኑ ሥር እንዲቀመጥ የሚፈልግ። ላይኛው ደረጃ ሰው ሳይጨርስ ዋጋ መቁረጥ በነጻ የተገኘ ገንዘብ መጣል ነው። ደረጃው ባዶ ከሆነ በኋላ መዘግየት ደግሞ ከታች ያሉትን ለተፎካካሪ ማስረከብ ነው። ይህን ጥበብ እንደ ፕሌይስቴሽን ቱ የተጫወተው አላየሁም። አሜሪካ ውስጥ በ2000 በ299 ዶላር ጀመረ። በግንቦት 2002 ወደ 199 ወረደ፤ በ2003 ወደ 179፣ በ2004 ወደ 149፣ በ2006 ወደ 129፣ በሚያዝያ 2009 ወደ 99። ዘጠኝ ዓመት! የመጨረሻውን ቅነሳ ሲያደርግ ተተኪው ከወጣ ሁለት ዓመት ተኩል ሆኖት ነበር፤ አሮጌው ግን አሁንም አዲስ ገዢ ያገኝ ነበር። ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። የእኔን ጌም ቤት ያፈረሰው ከእነዚህ ደረጃዎች አንዱ ነው። የትኛው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቂም ያዘ እንዳትሉኝ ግን አልነግራችሁም።

ማን ቀድሞ ይቁረጥ? በዚህ ላይ ሰዓት መቁጠር ያስፈልጋል። በግንቦት 1995 ሎስ አንጀለስ በተደረገው የጌም ትርዒት ሴጋ «ሳተርን» የተባለውን ኮንሶሉን ከተጠበቀው ጊዜ አራት ወር አስቀድሞ ዛሬውኑ በተመረጡ መደብሮች በ399 ዶላር ይሸጣል ብሎ አስታወቀ። ተፎካካሪን ለመቅደም ነበር። በዚያው ቀን የሶኒው ስቲቭ ሬስ መድረክ ላይ ወጣና አንድ ቁጥር ብቻ ተናግሮ ወረደ፦ 299። ሴጋ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። ዕቃው ያልደረሳቸው መደብሮች ተቀየሙ፣ ጌም ሠሪዎቹ አልተዘጋጁም፣ የመቶ ዶላሩ ልዩነት ደግሞ በሰው አእምሮ ተተከለ። በዚያው ዓመት በመጸው ሴጋም ወደ 299 ወረደች፤ ያኔ ግን የተከተለች እንጂ የቀነሰች አልመሰለችም። በዋጋ ነገር የመጀመሪያው ሰው «ቀነሰልን» ይባላል፣ ሁለተኛው «ተገዶ ነው» ይባላል። ቁጥሩ አንድ ነው፤ የሚያገኘው ስም ግን ሌላ ነው።

በግንቦት 2002 የሆነውም እንዲሁ ነው። ሶኒ ወደ 199 ሲወርድ ማይክሮሶፍት በማግሥቱ የራሱን ኤክስቦክስ ከ299 ወደ 199 አወረደ፤ ኒንቴንዶም ከአንድ ሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ጌምኪዩብን 149 አደረገ። ሁለቱ ዕቃዎች ከወጡ ስድስት ወራቸው ነበር። በመጀመሪያው ቀን የተሰለፉላቸው ሰዎች ምን ተሰምቷቸው ይሆን? በቅዳሜ ገበያ ጫማ ገዝታችሁ በሚቀጥለው ቅዳሜ በሁለት ሦስተኛው ዋጋ ብታዩት የሚሰማችሁ ነው።

እዚህ ጋ የዓሣ ሻጯ ሁለተኛ መልስ ይመጣል። ሮናልድ ኮውዝ የተባለ በኋላ በ1991 የኖቤል ሽልማት ያገኘ የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ1972 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ እንዲህ ብሎ ተከራከረ፦ ለረጅም ጊዜ የሚያገለግል ዕቃ ብቻውን የሚሸጥ ሰው ተፎካካሪ ባይኖረውም እንኳ ራሱ የራሱ ተፎካካሪ ነው። የዛሬው ዋጋው ከነገው ዋጋው ጋር ይወዳደራል። ገዢዎች ነገ እንደሚያረክስ ካወቁ ዛሬ አይገዙም፤ ስለዚህ ዛሬም ለማርከስ ይገደዳል። ሴትዮዋ ኮውዝን አላነበበችም። ኮውዝም ቀረሶ አልሸጠም።

ለዚህ ነው በየጥቂት ወሩ አሥር አሥር ዶላር እያንጠባጠቡ መቀነስ ከሁሉ የከፋ ነው የምለው። ገዢውን መጠበቅ ያስተምረዋል፣ ዜና ሆኖም አይሰማም። መቀነስ ካለበት በአንድ ጊዜ፣ የሚያስደነግጥ ያህል፣ ከዚያም ለረጅም ጊዜ ዝም። የዚህ ምሳሌ የኒንቴንዶ ሥሪ ዲኤስ ነው፤ ብዙ ላውራበት እፈልጋለሁ፤ እኔን የሚገርመኝ እሱ ነውና።

ይህ በእጅ የሚያዝ ኮንሶል በ2011 መጀመሪያ በ249.99 ዶላር ወጣ። አልተሸጠም። ተአምር ይሆናል የተባለው ያለ መነጽር ጥልቀት የሚያሳየው ስክሪን ሰውን አላሳበደም፣ ጥሩ ጌምም አልነበረውም። ስድስት ወር ሳይሞላ ኒንቴንዶ በነሐሴ ወር ወደ 169.99 አወረደው፤ ጃፓን ውስጥ ከ25,000 የን ወደ 15,000። ፕሬዚዳንቱ ሳቶሩ ኢዋታ የራሱን ደመወዝ በግማሽ ቆረጠ፤ ሌሎቹ አመራሮችም ከደመወዛቸው ተቀነሰ። ቀድመው በሙሉ ዋጋ ለገዙት ደግሞ ሃያ የድሮ ጌሞች በነጻ ሰጠ፤ «አምባሳደር» ብሎም ሰየማቸው። እኔ ሽምብጥ ውስጥ አምባሳደር ያለኝ አልነበረም።

ይህ ውሳኔ ርካሽ አልነበረም። ዕቃው ከወጪው በታች መሸጥ ጀመረ፤ ኩባንያውም በመጋቢት 2012 በተዘጋው የሒሳብ ዓመት ኪሳራ አስመዘገበ። ልብ በሉ፤ ቀደም ሲል ዋጋ ከወጪ ፊት አይሂድ ብያለሁ፤ ይህ ግን የራሴን ደንብ ይጥሳል። የሚጥሰው አንድ ምክንያት ስለነበረው ነው። ኢዋታ ዋጋውን ሲቆርጥ በመንገድ ላይ ምን እንዳለ ያውቅ ነበር፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሁለት ትልልቅ የማሪዮ ጌሞች ሊወጡ ነው። ነሐሴ ላይ በሩን ከፈተ፣ የገና በዓል ሳይደርስ ድግሱን አቀረበ። ጌም ገንቢዎችም ገበያው ሞተ ብለው እንዳይሸሹ በጊዜ አስቆማቸው። ያ ኮንሶል ወደ 76 ሚሊዮን ገደማ ተሸጧል። ትንሽ ትንሽ እየቆረጠ ዓመት ቢፈጅ ኖሮ ወደዚያ ቁጥር ይደርስ ነበር ብዬ አላምንም።

ከጎኑ ደግሞ የሴጋን ድሪምካስት አስቀምጡት። በመስከረም 1999 አሜሪካ ውስጥ በ199 ዶላር ጀመረ፤ በዓመቱ 149፤ በ2001 መጀመሪያ 99። ዋጋው መልካም፣ ጌሞቹም ብዙዎቹ ድንቅ ነበሩ። ነገር ግን ሁሉም ሰው የሚጠብቀው ፕሌይስቴሽን ቱን ነበር፤ ሰውን ከመጠበቅ የሚያስቆም ቅናሽ አልተገኘም። 99 ዶላር የሆነው ሴጋ ኮንሶል መሥራት አቆምኩ ባለችበት ወቅት ነው። ያ የዋጋ ቅነሳ አይደለም፣ የመጋዘን ማጽጃ ነው። የኒንቴንዶ ዊ ዩም በ2013 ሃምሳ ዶላር ተቀንሶለት አልዳነም፤ 13.56 ሚሊዮን ላይ ቆመ። ሰው በዕቃው ምን እንደሚያደርግበት ካልገባው ሃምሳ ዶላር አያስረዳውም።

ማይክሮሶፍት በ2013 ኤክስቦክስ ዋንን በ499 ሲያወጣ ሶኒ አዲሱን ፕሌይስቴሽን በ399 አወጣ። ልዩነቱን ያመጣው ኪኔክት የተባለው ካሜራ ነበር፤ ግድ ከዕቃው ጋር ይሸጣል። በሰኔ 2014 ካሜራው ወጣለትና ዋጋው እኩል ሆነ። ሰባት ወር ግን አልፎ ነበር። ከሴጋው ሳተርን ታሪክ ጋር አንድ ስለሆነ በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም።

አሁን ግን መናገር ያለብኝ፣ እስካሁን የነገርኳችሁ ታሪክ ቀስ በቀስ ታሪክ ብቻ እየሆነ መምጣቱን ነው። ኒንቴንዶ ስዊችን በ2017 በ299.99 ዶላር አውጥቶ ለስምንት ዓመት አሜሪካ ውስጥ ዋጋውን አልቀነሰም፤ ርካሽ ለፈለገ በ2019 በ199.99 ሌላ አነስተኛ ሞዴል ሰጠ። ከዚያም በነሐሴ 2025 የመጀመሪያውን ወደ 339.99 ጨመረው። ፕሌይስቴሽን ፋይቭ በ2020 በ499 ጀምሮ በ2022 አውሮፓና ጃፓንን ጨምሮ በብዙ ገበያ ጨመረ፤ በነሐሴ 2025 አሜሪካም ውስጥ 549.99 ሆነ። ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ በ499 የወጣው በ2025 ብቻ ሁለት ጊዜ ጨምሮ 649.99 ደረሰ። አምስት ዓመት ያደረ ዓሣ ከትኩሱ ሲወደድ ማየት ነው።

ለምን? ቺፕ ማሳነስ እንደ ቀድሞው ወጪ አይቀንስም፤ አዲሱ ረቂቅ ቺፕ ራሱ ውድ ነው። የዋጋ ንረቱ አለ፣ የአሜሪካ ቀረጥ አለ፣ የምንዛሪ መዋዠቅ አለ። አንድ ሌላም አለ፤ ይህ የእኔ ግምት ነው፦ ገዢው ጌሞቹን በስሙ በተከፈተ ሒሳብ ላይ አከማችቶ ወደ ሌላ ኮንሶል መሄድ ስለከበደው አምራቾቹ እርስ በርስ መፋጠጡን ትተዋል። ሦስት በር አልፎ የሚከፈት ጌም ቤት የለም ማለት ነው።

ወደ እኛ ስንመጣ ነገሩ እጥፍ ይሆናል። ለእኛ የኮንሶል ዋጋ ሁለት ቁጥር ሲባዛ ነው፦ ዱባይ ያለው ዋጋና ዶላሩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በእኛ አቆጣጠር፣ ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከመቶ ብር እንዳለፈ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በዚያ ጊዜ አምራቹ ዋጋውን በግማሽ ቢቆርጥ እንኳ እዚህ ቅዳሜ ገበያ ላይ ብዙም ለውጥ አይታይም ነበር። አምራቹ መቼ ይቀንስ ብለን ስንከራከር እኛ ቅነሳውም ጭማሪውም በሌላ ሰው ሻንጣ ውስጥ ሆኖ የሚደርሰን መሆናችን ይታወቅ።

ንግግሩን እዚህ ላይ ጨርሼ ነበር። ከኋላ የተቀመጠ፣ ፔዳ አካባቢ ጌም ቤት ለመክፈት ያሰበ ወጣት እጁን አነሳ። «መምህር፣ ይህ ሁሉ ደስ ይላል። እኔ ግን አሁን ልግዛ ወይስ እስኪረክስ ልጠብቅ?»

አንድ ጨዋታ ስንት ልታስከፍል አሰብህ አልኩት፤ ነገረኝ። በቀን ስንት ሰው ይመጣል አልኩት፤ እሱንም ነገረኝ። ኪራዩንና መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት ቀንሰን አብረን ሰሌዳው ላይ አሰላነው። አዲስ ኮንሶል ገንዘቡን ለመመለስ ዓመት ከመንፈቅ ይፈጅበታል፤ ያገለገለ ያለፈው ትውልድ ኮንሶል ሰባት ወር። «አትጠብቅ» አልኩት፤ «ይረክሳል ብለህ የምትጠብቅበት ዘመን አልፏል። ያገለገለውን ግዛ። ጆይስቲኩን ግን አዲስ አድርገው፤ ተሸናፊ የሚወረውረው እሱን ነው።»